ሲ4 ብዬ ስነሳ፦ ከክንፍ የሚጀምር የቼዝ ስንቅ እንዴት እንዳዘጋጀሁ

ነጭ ሆኜ ስጫወት ለዓመታት መጀመሪያ የማነሳው የንጉሡን ወታደር ነበር፤ ኢ4። አብዛኞቻችን ስንጀምር የተማርነው እሱን ነው። ችግሩ ኢ4 ሲባል ተጋጣሚ ቤቱ እንደገባ ሰው ዘና ይላል። አንዱ ሲሲሊያን የሚባለውን የጥቁር መከላከያ ይዞ ይጠብቃል፣ አንዱ ፍሬንች፣ ሌላው ካሮ-ካን። እያንዳንዱ የራሱን ሰፈር ቅያስ በቅያስ ሸምድዶታል። እኔ ደግሞ ከሥራ መልስ፣ ራት እስኪቀርብ ያለችኝ ግማሽ ሰዓት ናት። የሁሉንም ሰፈር ማጥናት አልቻልኩም።

አንድ ጓደኛዬ ታዲያ መላ አመጣ። «ሲ4 ተጫወት» አለኝ። «ከዚያ ጂ3፣ ቢሾፕ ጂ2፣ ፈረስ ታወጣለህ፣ ካስል ታደርጋለህ። አለቀ። ሰውዬው ምን እንደሚያደርግ ማየት ራሱ አያስፈልግህም።»

ደስ አለኝ፤ አመንኩትም። የምክሩ ግማሽ እውነት ነበር። የቀረው ግማሽ ግን ብዙ ጨዋታ አስከፍሎኛል። ነጭ ሲሆኑ ከክንፍ፣ ማለትም ከመሀል ሳይሆን ከጎን፣ መጀመር ያማራችሁ ካላችሁ እኔ የከፈልኩትን እንዳትከፍሉ ነው ይህን የምጽፈው።

ስለ አጻጻፌ አንድ ነገር ላስቀድም። የቦርዱን መስመሮች ከግራ ወደ ቀኝ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች እላቸዋለሁ። «ኤ» የመጀመሪያው፣ «ኢ» አምስተኛው መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ ሁለቱ ከተምታቱ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይዞርባችኋል። ቁጥሩ ከነጭ በኩል የሚቆጠር ረድፍ ነው፤ ዕቃ ሳልጠራ «ሲ4» ካልኩ ወታደር ወደዚያ ቤት ሄደ ማለት ነው። ሙቭ አንድ እንቅስቃሴ፣ ቼክ ንጉሡን ማስፈራራት፣ ካስል ደግሞ ንጉሥና ሩክ በአንድ ሙቭ አብረው የሚንቀሳቀሱበት ነው። ቦርድ አውጥታችሁ እያንቀሳቀሳችሁ ብታነቡት ደግሞ የተሻለ ነው።

ሲ4 ሲባል መሀሉን በወታደር አንይዝም። ከጎን ሆነን ዲ5ን እናስፈራራለን። ከዚያ ጂ2 ላይ የተቀመጠው ቢሾፕ ከኤች1 እስከ ኤ8 ያለውን ረጅም ዲያጎናል እያየ ይደግፋል። የዚህ ኦፕኒንግ፣ ማለትም የጨዋታ አጀማመር፣ ስሙ «እንግሊዝ ኦፕኒንግ» ነው። ሃዋርድ ስታውንተን የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1843 ፓሪስ ላይ ከፈረንሳዩ ሴንት-አማንት ጋር ሲገጥም ስለተጫወተው ነው ስሙ የወጣለት። ታሪኩ ይኸው ነው፤ ወደ ሽንፈቴ ልመለስ።

ሰፈራችን ውስጥ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ አሉ። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ቦርዳቸውን ይዘው ቁጭ ይላሉ፤ የመጣውን ሁሉ ይቀበላሉ፣ አብዛኛውንም ያሸንፋሉ። አዲሱን ሲ4 ይዤ ሄድኩባቸው። እሳቸው ሲ6 አሉ። ፈረስ ኤፍ3 አልኩ፣ ዲ5 ገፉ። ጂ3 አልኩ፣ ፈረሳቸውን ኤፍ6 ላይ አወጡ። ቢሾፕ ጂ2 አልኩ። ዲ5 ላይ ያለችው ወታደራቸው ሲ4 ላይ ያለችውን በላች።

አልደነገጥኩም። ከዚያ በፊት ኢንተርኔት ላይ አንድ ተጋጣሚ በኢ6 መልሶ ይህችኑ ወታደር በልቶብኝ ነበር። ያኔ ንግሥቴን ኤ4 ላይ አውጥቼ ቼክ አልኩና በሚቀጥለው ሙቭ ወታደሯን መልሼ በላሁ። አሁንም ያንኑ አደረግኩ፤ ንግሥት ኤ4። ጋሼ ቢ5 ገፉና ንግሥቴን ነኩ። ሲ6 ላይ ያለችው ወታደር ቼኩን ዘግታዋለች፣ ቢ5ንም ትደግፋለች። የራሴ ፈረስ ደግሞ ኤፍ3 ላይ ቆሞ ቢሾፔን ጋርዶታል። ንግሥቴ አፍራ ተመለሰች። የቀረውን ጨዋታ ያችን አንዲት ወታደር ስለምናቸው ዋልኩ፤ አልሰጡኝም።

ሲያበቃ ቦርዱን መልሰው ደረደሩና «ልጄ፣ እኔ ሲ6 ብልም ኢ6 ብልም አንተ ያንኑ ነው የምትጫወተው። እኔን ታያለህ ወይስ አታይም?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሳያዩ የሚጫወቱት ኦፕኒንግ ነው ተብዬ ነው» አልኳቸው።

ሳቁ። ከዚያ ስለ ድሮው ሰንጠረዥ፣ ስለ አገራችን ቼዝ፣ አነሱ። በእኛ በጥንቱ ሰንጠረዥ ጨዋታው ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር አልነበረም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። የመጀመሪያው መበላላት እስኪመጣ ድረስ ማለት ነው። «ወረራ» ይባላል። ከዚያ በኋላ ነው ተራ በተራ የሚሆነው። ጋሼ እንዳሉኝ በወረራ ጊዜ የሰው ዓይን የራሱ ጦር ላይ ሳይሆን የሌላው እጅ ላይ ነው። እሱ ፈረሱን እዚህ ካደረገ እኔ እዚያ፣ እሱ ከቀየረ እኔም እቀይራለሁ። «ያንተ ሲ4 እኮ ወረራ ነው» አሉኝ፤ «ግን ዓይንህን ጨፍነህ ነው የምትወርረው።»

ከዚያን ቀን በኋላ ነው ስንቄን እንደ አዲስ ማዘጋጀት የጀመርኩት። ስንቅ የምለው ቼዝ ተጫዋቾች ሪፐርቷር የሚሉትን፣ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የሚያዝ የአጀማመር ስብስብ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ከሸፈ። ሊቼስ በሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ ስተዲ (የማጥኛ ማኅደር) ከፈትኩ፤ ነፃ ነው፣ ለእያንዳንዱ የጥቁር መልስ አንድ ቻፕተር መክፈት ይቻላል። የታላላቆቹን ጨዋታዎች እያየሁ እስከ አሥራ አምስተኛ ሙቭ ድረስ ገለበጥኩ። ስቶክፊሽ የሚባለውን የቼዝ ፕሮግራም አብርቼ የትኛው ሙቭ በ0.2 ነጥብ እንደሚበልጥ እያየሁ አንድ ሙሉ ሳምንት አቃጠልኩ። ከዚያ ስጫወት ሰዎቹ ሦስተኛው ሙቭ ላይ ከመጽሐፉ፣ ከታወቀው መስመር፣ ይወጣሉ። እኔ ከሸመደድኩት ውስጥ ጥቅም ላይ የዋለ የለም ማለት ይቻላል። ከሁለት ሳምንት በኋላም ረሳሁት።

ያን ስተዲ አጠፋሁት። ሁለተኛውን ስጀምር ሕግ አወጣሁ። ጨዋታ ላይ ገጥሞኝ ያላየሁትን መስመር አልጽፍም። ከስምንት ሙቭ በላይ አልጽፍም። ለእያንዳንዱ ሙቭ በአማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፦ ለምን? «ለምን»ን መጻፍ ካቃተኝ ያ ሙቭ አልገባኝም ማለት ነው። የሊቼስ ኦፕኒንግ ኤክስፕሎረር (የተጫወቱ ጨዋታዎች ማከማቻ) ደግሞ በሬቲንግ፣ በተጫዋቾች የደረጃ ነጥብ፣ ማጣራት ስለሚያስችል የታላላቆቹን ትቼ በእኔ ደረጃ ያሉ ሰዎች ምን እንደሚመልሱ ማየት ጀመርኩ። የምግጠመው እነሱን ነዋ። መብራትም ኔትወርክም የሚሄድበት ቀን ስላለ ይህንኑ በእጄ ደብተር ላይ ገለበጥኩ። በእጅ የጻፍኩት የበለጠ ያዘኝ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ደብተሩ ላይ የመጀመሪያው ገጽ የሲ6 ነው። ቁስሉ ትኩስ ነበራ። መፍትሔው ቀላል መሰለኝ፦ ሲ4ን በቢ3 መደገፍ። ቢበላ በቢ ወታደር መልሼ እበላለሁ። ሊቼስ ላይ ሞከርኩት። ሲ4 ሲ6፣ ጂ3 ዲ5፣ ቢ3። ሰውዬው በላ፣ እኔም በላሁ፣ ንግሥቱን ዲ4 ላይ ዱብ አደረጋት። ኤ1 ላይ ያለውን ሩኬንም ሲ4 ላይ ያለችውን ወታደሬንም በአንድ ጊዜ ነካ። ፈረሴን ሲ3 ላይ አውጥቼ ሩኩን አዳንኩ፤ ወታደሯ ግን ሄደች። ያችው ወታደር፣ ለሁለተኛ ጊዜ!

እዚህ ላይ ነው የሙቭ ቅደም ተከተል ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ። መጀመሪያ ፈረስ ኤፍ3 ከወጣ ዲ4ን ይጠብቃል፤ ንግሥቲቱ እዚያ ብትመጣ ፈረሱ ይበላታል። ስለዚህ አሁን የምጫወተው እንዲህ ነው፦ ሲ4 ሲ6፣ ፈረስ ኤፍ3 ዲ5፣ ቢ3። ከዚያ በኋላ ነው ጂ3፣ ቢሾፕ ጂ2፣ ሌላኛው ቢሾፕ ቢ2፣ ካስል፣ ዲ3፣ ፈረስ ከቢ1 ወደ ዲ2። ጥቁሩ ሲ6ና ዲ5 ላይ ግድግዳ ስለሠራ የጂ2 ቢሾፕ ለጊዜው የሚያየው ነገር የለም። ዋናው ሠራተኛ የቢ2ው ነው። ውሎ አድሮ ኢ4 ሲገፋ ነው ግድግዳው የሚነቃነቀው። እኔ ቢያንስ እንዲህ ነው የማስበው። ደግሞ ለመጽናኛ፦ ሪቲ የተባለው ታላቅ ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ1924 ኒውዮርክ ላይ ከክንፍ ተነስቶ የዓለም ሻምፒዮኑን ካፓብላንካን፣ ስምንት ዓመት ያልተሸነፈውን ሰው፣ አሸነፈው። በዚያው ውድድር ግን ይህንኑ አሰላለፍ ይዞ በቀድሞው ሻምፒዮን በላስከር ተሸነፈ። የላስከር መልስ ሲ6ና ዲ5 ነበር፤ ቢሾፑንም ኤፍ5 ላይ አውጥቶ። እሱም ከተሸነፈ እኔ ምን አለብኝ።

ኢ6 ሲሉ ደግሞ ሌላ ነው። ፈረስ ኤፍ3፣ ዲ5 ካሉ ጂ3። ሲ4ን ቢበሉ ንግሥት ኤ4 ቼክ ይሠራል፤ ዲያጎናሉ ክፍት ነው፣ ወታደሯን መልሶ መብላት አያስቸግርም። ካልበሉ ካስል አድርጌ ቢ3 እና ቢሾፕ ቢ2 እላለሁ። ሁለቱን ገጾች ደብተሬ ላይ ጎን ለጎን ያደረግኳቸው ሆን ብዬ ነው። የአንዲት ወታደር ቦታ፣ ሲ6 ወይስ ኢ6፣ ምን ያህል እንደሚለውጥ እንዳልረሳ።

ብዙ ጊዜ የሰጠሁት ለኢ5 ነው፤ የሚገጥሙኝ ሰዎች አብዝተው የሚመልሱት እሱን ስለሆነ። ሲ4 ኢ5 ማለት ሲሲሊያን ተገልብጦ ማለት ነው። ጥቁር ይጫወተው የነበረውን እኛ ነጭ ሆነን፣ አንድ ሙቭ ተጨምሮልን እንጫወተዋለን። ሲሰማ ጥሩ ነው። ግን ሲሲሊያን ጥቁር ሆኖ የማያውቅ ሰው ያችን ትርፍ ሙቭ ምን እንደሚያደርግባት አያውቅም። እኔም አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ ሁለተኛው ሙቭ ላይ ፈረስ ኤፍ3 እል ነበር። ሰዎቹ ኢ4 ገፍተው ፈረሴን ያባርሩታል። መጥፎ አይደለም፣ ዲ4 ላይ ይቆማል፤ ግን የሚፈጠረውን ጨዋታ አልወደድኩትም። ቀጥሎ ፈረስ ሲ3 ሞከርኩ። ጥቁሩ ፈረሱን አውጥቶ ቢሾፑን ቢ4 ላይ ሲያመጣ ፈረሴን በልቶ ወታደሮቼን ይደራርብብኛል እያልኩ እጨነቃለሁ። አሁን ወዲያው ጂ3 ነው የምለው። ሲ3 ላይ ፈረስ ስለሌለ ቢሾፑ ቢ4 መጥቶ የሚበላው የለውም።

ከዚያ ዋናው መንገድ ይህ ነው፦ ጥቁሩ ፈረስ ኤፍ6፣ እኔ ቢሾፕ ጂ2፣ እሱ ዲ5፣ እበላለሁ፣ በፈረሱ ይበላል፣ ፈረስ ሲ3። ፈረሱ ብዙ ጊዜ ወደ ቢ6 ይሸሻል። ፈረስ ኤፍ3፣ እሱ ፈረስ ሲ6፣ ካስል፣ እሱ ቢሾፕ ኢ7፣ ዲ3፣ እሱም ካስል። እዚህ ደርሶ ነበር የምደነቁረው። ሁሉም ነገር ወጥቷል፤ አሁንስ?

መልሱ በግራ በኩል ነው። ኤ3፣ ከዚያ ቢ4። ዓላማው ቢ5 ገፍቶ የሲ6ን ፈረስ ማባረር ነው፤ ኢ5ን የሚጠብቀው እሱ ነው። ሩኩ ሲ1 ላይ ይመጣል፣ ሲ መስመር ተከፍቷልና። ሲ3 ላይ ያለው ፈረስ ወደ ኢ4፣ ከዚያ ወደ ሲ5 ይመለከታል። ጂ2 ላይ ያለው ቢሾፕ ደግሞ በዚያ ሁሉ ጊዜ ቢ7ን አነጣጥሮ ይጠብቃል። ኤ3 ስል ኤ5 ገፍተው ቢ4ን ከከለከሉኝ ቢሾፕ ኢ3፣ ቀጥሎ ፈረስ ኤ4። አንዳንዱ ደፋር በረጅሙ ካስል አድርጎ ኤች ወታደሩን ይነዳብኛል። ያኔ መከላከል አልሞክርም፤ ቢ4 ቢ5 እያልኩ እሮጣለሁ። ሩጫ ነው፣ አንድ ሙቭ ቀድሜ ነኝ። ስሸነፍ ብዙውን ጊዜ መሀል ላይ ፈርቼ ኤች3 ስላልኩ ነው።

አንድ የምወዳት ትንሽ ነገር እዚሁ ልጨምር። ከኢ5 እና ከጂ3 በኋላ አንዳንዶች ሲ6 ይላሉ፤ ዲ5ን በወታደር ደግፈው ሊገፉ። ያኔ ወዲያው ዲ4! ቢበሉ በንግሥቴ እበላለሁ። ንግሥት ቀድማ ስትወጣ ፈረስ ሲ6 ላይ መጥቶ ያባርራታል ተብለን ነው የተማርነው። እዚህ ግን ሲ6 በራሳቸው ወታደር ተይዟል። ማን ያባርራታል?

ጂ6 ብለው ኪንግስ ኢንዲያን እንደሚባለው መከላከያ ለሚሰለፉት፣ ኢ5ም ከገፉ፣ ቦትቪኒክ የሚባለውን አሰላለፍ እጠቀማለሁ፤ ስሙ በዓለም ሻምፒዮኑ በሚካኤል ቦትቪኒክ ነው። ሲ4፣ ፈረስ ሲ3፣ ጂ3፣ ቢሾፕ ጂ2፣ ኢ4፣ ዲ3፣ ሁለተኛው ፈረስ ኢ2። ፈረሱ ኤፍ3 ላይ የማይቀመጠው ኤፍ ወታደሩ እንዲገፋ ነው። ጉድለቱ ዲ4 ላይ ያለው ቀዳዳ ነው። ሲ4ም ኢ4ም ስለተገፉ ያንን ቤት የሚጠብቅ ወታደር የለም። ጥቁር ፈረስ እዚያ ገብቶ ሲቀመጥ ጥርስ ውስጥ እንደገባ ሥጋ ነው። ኢ2 ላይ ያለው ፈረስ አንዱ ሥራው እሱን መብላት ነው። ጓደኛዬ ሳያዩ የሚጫወቱት ያለው ይህንን አሰላለፍ ነበር፤ በእውነትም ከሁሉም ለዚያ የሚቀርበው እሱ ነው። እንደዚያም ሆኖ በየመንገዱ ዲ5 ይገፉ ይሆን ብሎ ማየት ግድ ነው።

ሲ5 ብለው ለሚኮርጁኝ ብዙ አልደከምኩም። ሁለታችንም አንድ ዓይነት እንሰለፋለን፤ እኔ ኤ3፣ ሩክ ቢ1፣ ቢ4 እላለሁ፤ ጨዋታው ይቀጥላል። ኤፍ5 ለሚሉም ያው ነው።

ሌላው መወሰን ያለበት ነገር ዲ4 ነው። ሲ4 ብሎ ጀምሮ ዲ4 ከተገፋ ጨዋታው ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል፤ ኩዊንስ ጋምቢት ወይም ካታላን የሚባሉት ሌሎች ኦፕኒንጎች ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1972 ሬይክያቪክ ላይ፣ ፊሸር ከስፓስኪ ጋር ለዓለም ሻምፒዮናነት ሲገጥም፣ ስድስተኛውን ጨዋታ በሲ4 ሲጀምር ብዙዎች ደነገጡ፤ ሰውዬው ሁልጊዜ ማለት በሚቻል ደረጃ ኢ4 ነበር የሚጫወተው። በሦስተኛው ሙቭ ዲ4 ገፋና ኩዊንስ ጋምቢት ሆነ። ሲያሸንፍ ስፓስኪ ራሱ አጨበጨበለት። ለፊሸር ያ በር ክፍት መሆኑ ጥቅም ነው። ለእኔ ግን ሌላ ሙሉ ስንቅ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ደብተሬ ጀርባ ላይ «ዲ4 የለም» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። እናንተ ዲ4 የምትጫወቱ ከነበራችሁ ግን ተቃራኒውን አድርጉ፤ ሲ4ን ጥቁሩ የሚወደውን መከላከያ እንዳያገኝ ማታለያ አድርጋችሁ ተጠቀሙበት፣ ከዚያ ወደ ቤታችሁ ግቡ።

ይህ ኦፕኒንግ ቶሎ ማሸነፍ ለሚፈልግ ሰው አይሆንም የሚሉ አሉ። አይካድም፣ በአሥር ሙቭ ሰው አይጥሉበትም። ትዕግሥት ሲያጥረኝ የማስታውሰው እ.ኤ.አ. 1987ን ነው። ሴቪያ ላይ ካስፓሮቭ የመጨረሻውን፣ 24ኛውን ጨዋታ ካላሸነፈ የዓለም ሻምፒዮናነት ዘውዱን ለካርፖቭ ሊያስረክብ ነው። ማሸነፍ ግዴታው የሆነ ሰው ኢ4 ብሎ እሳት ይለኩሳል ብለው ይጠብቃሉ። እሱ ሲ4 አለ። ዕቃዎቹን ቦርዱ ላይ አቆየ፣ መበላላትን አላጣደፈም፤ ካርፖቭ ሰዓት እያለቀበት ተጨነቀ። ካስፓሮቭ አሸነፈ፣ 12 ለ 12 ሆነው ዘውዱ እሱው ዘንድ ቀረ። ጨዋታውን በየጊዜው እያወጣሁ አየዋለሁ። ሁሉም ይገባኛል አልልም።

ስንት ጊዜ ፈጀብኝ ላለ፣ ደብተሩ ስምንት ገጽ እስኪሞላ ስድስት ወር ገደማ። በየጨዋታው መጨረሻ፣ በተለይ ስሸነፍ፣ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ሙቮች ብቻ እመለከታለሁ። ከደብተሩ የወጣው ማነው፣ እኔ ወይስ እሱ? እኔ ከሆንኩ ገጹን አነበዋለሁ። እሱ ከሆነ አንድ መስመር እጨምራለሁ። ብሊትዝ (የጥቂት ደቂቃ ፈጣን ጨዋታ) ለመለማመጃ ጥሩ ነው፣ ብዙ ዓይነት መልስ ቶሎ ያሳያል፤ ግን ምን እንደሆነ የሚገባው በአሥራ አምስት ደቂቃው ጨዋታ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ሲ6ን በደንብ አጥንቼ፣ ፈረስ ኤፍ3፣ ከዚያ ቢ3፣ በልቤ እየደገምኩ። ሲ4 አልኩ። መነጽራቸውን አስተካከሉና ቢ6 አሉ።

ቢ6 ደብተሬ ውስጥ የለም።

ለረጅም ጊዜ አየሁት። መሀሉን ትተውልኛል፤ ቢሾፓቸው ከቢ7 ሆኖ ሊተኩስ ነው። የደብተሬን ጀርባ አስታወስኩ፣ በትልቁ የጻፍኩትን። ከዚያ ዲ4 ገፋሁ። ቢሾፕ ቢ7፣ ፈረስ ሲ3፣ ኢ6፣ ቢሾፑ ቢ4 እንዳይመጣ ኤ3፣ ቀጥሎ ኢ4 እያልኩ መሀሉን በሦስት ወታደር ያዝኩት።

«ዛሬስ እያየህ ነው» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

ሩኮቹ ብቻ ቀርተው አቻ ተለያየን። ማታ ዘጠነኛውን ገጽ ከፈትኩና ከላይ «ቢ6» ብዬ ጻፍኩ።